ሳይታመሙ ጡት ማስቆረጥ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። እናቴም ታላቅ እህቷም ሃምሳ ሳይሞላቸው በጡት ካንሰር አረፉ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ሁለቱንም ጡቶቼን ላስቆርጥ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ስጋትሽ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ የዘረመል ምርመራ ይቅደም። ቢአርሲኤ 1 ወይም 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ጉድለት ካለ፣ ከ10 ሴቶች 6 ወይም 7 ያህሉ በዕድሜያቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል። ቀዶ ሕክምናው ይህን ዕድል 90 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ዜሮ ግን አያደርገውም፤ ጥቂት የጡት ሕዋስ መቅረቱ አይቀርም።

ሌላው መንገድ ክትትል ነው፦ ከ25 ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል)፣ ከ30 ወዲህ ማሞግራምም (የጡት ራጅ) ይጨመራል። ክትትል ካንሰሩን ቶሎ ያገኘዋል እንጂ አያስቀረውም። ደግሞ እዚህ አገር ክትትል ማለት መንገድም ነው። ካንቺ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያው፣ ከሥራ መቅረቱ አለ። በየዓመቱ እችለዋለሁ ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። «ፈርተሽ ነው» የሚልሽን አትስሚ። ነገ ካልቆረጥሽ የሚልሽንም እንደዚያው። ይሄ የድንገተኛ ሕክምና አይደለም፤ ጊዜ አለሽ።

ጥያቄ፦ በእኛ ቤት የታመሙት የአባቴ እህቶች ናቸው። ለእህቶቼ አያሰጋም አይደል? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ያሰጋል እንጂ ወንድሜ! አባት ጉድለት ያለበትን ጂን ከተሸከመ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። አንተም ጭምር ተመርመር፤ በተለይ የቢአርሲኤ 2 ጉድለት ወንድንም ለፕሮስቴት ካንሰር ያጋልጣል፣ ለጡትም። ከታመሙት አክስቶችህ በሕይወት ያለች ካለች ምርመራው ከእሷ ቢጀምር ይሻላል።

ጥያቄ፦ 26 ዓመቴ ነው፣ ቢአርሲኤ 1 ተገኝቶብኛል። ገና አልወለድኩም። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ጡት ከተወገደ በኋላ ማጥባት የለም፤ ይህን አስቀድመሽ እወቂው። እየተከታተልሽ ወልደሽ፣ አጥብተሽ፣ ከዚያ መወሰን ትችያለሽ። እንዲያውም ጊዜ የሚያጣድፈው ኦቫሪው (የእንቁላል ማመንጫው) ነው። የኦቫሪ ካንሰርን ቀድሞ የሚያሳይ አስተማማኝ ምርመራ ስለሌለ፣ ወልደሽ ከጨረስሽ ከ35 እስከ 40 ባለው ዕድሜ እንዲወጣ ይመከራል። ያኔ ወር አበባሽ ይቆማል፤ የሙቀት ስሜቱንና የአጥንት መሳሳቱን ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት። ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊም ያንቺው ጂን አለባት፤ ጡቷን በ2013፣ ኦቫሪዋን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ነው ያስወጣችው።

ጥያቄ፦ እማማ «ጸበል ይበቃሻል» ይሉኛል።

መልስ፦ ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ቀጠሮውንም አታስቀሪ። ከቻልሽ እማማን ይዘሻቸው ግቢ፤ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት።