ስለ ሞኖታይፕ ቁልፍና ጥብጣብ፦ ለጎንደር ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ከእናንተ መካከል በኅትመት ሥራ የተሰማራችሁ፣ የአማርኛ ፎንት የምትነድፉ ወይም በአንድ መጋዘን ጥግ አቧራ የለበሰ ባለ ብዙ ቁልፍ ማሽን ያያችሁ ትኖራላችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ እንዲህ ያለው ማሽን በኪሎ ተመዝኖ ከመሸጡ በፊት ሥራውን እንድታውቁት ነው። የጽሕፈት መኪና እየመሰለ ሰው ያታልላል። የጽሕፈት መኪና ፊደል ያትማል፤ ይህኛው ግን ወረቀት ይበሳል፣ ደግሞም ይቆጥራል። ከባዱ ነገር ያለው ቆጠራው ላይ ነው።

ሞኖታይፕ የሚባለው ይህ የኅትመት ፊደል መልቀሚያ የሁለት ማሽኖች ጥምር ነው። በአንደኛው ሠራተኛው ቁልፍ ይመታል፤ በሌላው እርሳስ ቀልጦ ፊደል በፊደል ይቀረጻል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ወርዱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የወረቀት ጥብጣብ ብቻ ነው። ሐሳቡ የአሜሪካዊው የቶልበርት ላንስተን ሲሆን የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1887 ነው። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ቀለም ከመንከራቸው በፊት ብራናውን በወስፌ ወግተው መስመሩን ያሰምራሉ። እዚህም መውጋት ይቀድማል፣ ፊደል ይከተላል።

በጥብጣቡ ወርድ ላይ 31 የመብሻ ቦታዎች አሉ። 14ቱ በላቲን ፊደላት ከኤ እስከ ኤን፣ 14ቱ በቁጥር ከ1 እስከ 14 ይጠራሉ። የቀሩት ሦስቱ 0075፣ 0005 እና ኤስ ይባላሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ። መቅረጫው ውስጥ ማትሪክስ የሚባሉ፣ ጎንና ጎናቸው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ የነሐስ ቅርጾች በአንድ ሰሌዳ ላይ ተደርድረዋል። የፊደሉ ቀዳዳ የትኛው ዓምድ እንደሆነ ይናገራል፣ የቁጥሩ ቀዳዳ የትኛው ረድፍ እንደሆነ። የታመቀ አየር በቀዳዳው አልፎ ፒን ያነሣል፤ ሰሌዳው እየተንሸራተተ ሄዶ ፒኑ ላይ ሲደርስ ይቆማል። 15ኛው ዓምድ፣ ኦ፣ እና 15ኛው ረድፍ ቀዳዳ የላቸውም። የሚያቆመው ፒን ካልተነሣ ሰሌዳው እስከ ጫፍ ይሄዳል። ይህችን ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ብልሽት ስትፈልጉ ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ትጠቅማችኋለች።

ስለዚህ ጥብጣቡ ላይ «በ» የሚባል ምልክት የለም። ያለው «ከዚህ ዓምድ፣ ከዚህ ረድፍ» የሚል አድራሻ ነው። በዚያ አድራሻ የተቀመጠው «በ» ይሁን «ጨ» የሚወስነው ሰሌዳውን የደረደረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንምጣ። መደበኛው ሰሌዳ 15 በ15 ነው፤ 225 ቅርጽ ይይዛል። 33 ፊደላት በ7 ሲባዙ ግን 231 ናቸው፤ ገና ከመጀመሩ ሞልቶ ፈሰሰ። በኋላ የመጣው ባለ 17 ዓምድ 255 ይይዛል፤ ለሁለቱ ተጨማሪ ዓምዶች ኤን ከአይ ጋር፣ ኤን ከኤል ጋር ባንድነት ይበሳሉ። 16ኛ ረድፍ ሲጨመር 272 ይደርሳል። 231 ላይ የቈ፣ የኈ፣ የኰና የጐ ዝርያዎችን፣ 20ውን፣ ስትደምሩ 251 ይሆናል። 20ውን የግዕዝ ቁጥር ስትጨምሩ 271። አንድ ክፍት ቦታ ቀረ፤ አራት ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ገና በራፍ ላይ ቆመዋል። ሏ፣ ሟ፣ ቧና ከ0 እስከ 9 ያሉት አኃዞችም አልገቡም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመምረጥ ነው። ጽሑፉን አስቀድማችሁ አንብቡ። ለዚያ መጽሐፍ የማያስፈልጉትን ቅርጾች አውጡ፤ አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣውን ፊደል ለብቻው አስቀርጹና በእጅ አስገቡ። በጥብጣቡ ላይ ግን ቦታውን ወርዱ እኩል በሆነ ሌላ ምልክት ያዙለት። ወርዱ ካልተካከለ የመስመሩ ስሌት በሙሉ ይፈርሳል።

ወርድ የሚለካው በዩኒት ነው፤ አንድ ኤም፣ ማለትም የሰፊው ፊደል ወርድ፣ 18 ዩኒት ነው። በአንድ ረድፍ ያሉ ቅርጾች በሙሉ አንድ ዓይነት ወርድ አላቸው። በሰፊው የተሠራበት አደራደር ከላይ 5፣ 6፣ 7፣ 8 እያለ ይወርድና 15ኛው ረድፍ ላይ 18 ይደርሳል። እንደ ነ፣ ተና ገ ያሉት ጠባቦች ከላይ ይሰፍራሉ፤ እንደ ጠ፣ ጨና ሐ ያሉት ሰፋፊዎች ከታች። ፎንት የምትነድፉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። እዚህ ላይ ነዳፊው እንዳሻው ግማሽ ዩኒት መጨመር አይችልም፤ ፊደሉን ወደ ረድፉ ማስገባት ግዴታው ነው። ይህን ገደብ ያወቀ ሰው ዛሬም ፊደላትን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ዓይኑ የተሻለ ይፈርዳል ብዬ አምናለሁ።

ሠራተኛው ቁልፍ በመታ ቁጥር ማሽኑ የፊደሉን ዩኒት ይደምራል፤ የባዶ ቦታ ቁልፍ ሲመታ 4 ዩኒት ይደምርና አንድ ባዶ መጨመሩን ይመዘግባል። መስመሩ ሊሞላ 4 ኤም ገደማ ሲቀረው ደወል ይደውላል። ሠራተኛው ቃሉን ወይ ይጨርሳል ወይ ይቆርጣል፤ ከዚያ ከፊቱ ያለው ከበሮ ሁለት ቁጥር ያሳየዋል። የላይኛውን ቁጥር ከላይኛው የቀይ ቁልፎች ተርታ፣ የታችኛውን ከታችኛው ተርታ ይመታል። 0075 እና 0005 የሚባሉት ቀዳዳዎች የእነዚህ ናቸው፤ አንዱ ትልቅ እርከን፣ 0.0075 ኢንች፣ ሌላው ትንሽ እርከን፣ 0.0005 ኢንች ነው። ኤስ ደግሞ ባዶው ቦታ በዚያ ስሌት ወርድ እንዲቀረጽ ያዛል። ምንም ሳይጨመር የሚቀረው 3 እና 8 ሲሆን ነው።

በወረቀት ሥሩት። መጠኑ ባለ 12 «ሴት» (set፣ የፊደሉ የወርድ መለኪያ) ነው እንበል፤ አንድ ዩኒት 0.0092 ኢንች ገደማ ይሆናል። መስመሩ 30 ዩኒት ጎድሎት 10 ባዶ ቦታ ካለው ለእያንዳንዱ 3 ዩኒት ይደርሰዋል፤ ይህም 55 ትንንሽ እርከን ነው። 3 እና 8 ማለት 3 ጊዜ 15 ሲደመር 8፣ 53 ነው። 55 ስትጨምሩ 108፤ ለ15 ስታካፍሉ 7 ደርሶ 3 ይተርፋል። ከበሮው 7 እና 3 ያሳያል። አሁን ባዶዎቹን 4 ብቻ አድርጓቸው። የአማርኛ ቃል ይረዝማልና በጠባብ ዓምድ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። ለእያንዳንዱ 7 ዩኒት ተኩል ይደርሰዋል፤ ቁጥሩ 12 እና 11 ይሆናል። ማሽኑ እሺ ብሎ ይቀርጸዋል፤ ገጹ ግን ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ይሆናል። መፍትሔው ቃሉን መቁረጥ ነው፤ በብራናው ወግ ቃል ከየትኛውም ፊደል ላይ ተቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ይዞራል። ሁለት ነጥብ በየቃሉ መካከል በሚገባበት ጽሑፍም ነጥቦቹ ቋሚ ወርድ እንዳላቸው አትርሱ፤ የሚለጠጠው አጠገባቸው ያለው ባዶ ነው።

መቅረጫው ጥብጣቡን የሚያነብበው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ስሌቱ የተመታው በመስመሩ መጨረሻ ስለሆነ መቅረጫው ፊደላቱን ከማግኘቱ በፊት የባዶውን ወርድ ያውቃል። እንዲህ ያለ ብልህ አሠራር ብዙ አላውቅም።

ብልሽቱን ለእርማት ከታተመው ናሙና ላይ አንብቡት። ፊደሉ ተሳስቶ የመስመሩ ርዝመት ልክ ከሆነ ረድፉ ተገኝቷል፣ ዓምዱ ግን ጠፍቷል፤ ከፊደላቱ ቀዳዳዎች አንዱ ተደፍኖ ሰሌዳው እስከ ኦ ሄዷል። መስመሩ ከረዘመና ያለቦታው ባለ 18 ዩኒት ፊደል ከገባ የተደፈነው የቁጥር ቀዳዳ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የደነዘ መብሻ ነው፤ ብጣሿ ሳትወድቅ ተንጠልጥላ አየሩን ትዘጋለች። አንድ ፊደል ከሆነ እርሳሱን በወረንጦ አውጥታችሁ ተኩ፤ መስመሩን ባንድነት በሚቀርጸው ማሽን፣ በላይኖታይፕ፣ ግን ሙሉው መስመር እንደገና ይቀረጽ ነበር።

ስለ እኛ ከተማ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። የቁልፉ ማሽንም መቅረጫውም የሚፈልጉት የአየር ግፊት በካሬ ኢንች 15 ፓውንድ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ኮምፕረሰር ስትመርጡ በካታሎግ ከተጻፈው አቅም ይህን ቀንሱ። የቁልፉ ማሽን ሞተር የለውም። መብራት ቢጠፋም በጋኑ ውስጥ አየር እስካለ ድረስ ይሠራል፤ ግፊቱ ሲወርድ ግን መብሻው ወረቀቱን ሳይጨርስ ይመለሳል። መብራት ከጠፋ በኋላ የተመቱትን መስመሮች ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ፈትሹ። በክረምት የጋኑን ውኃ በየማለዳው አፍስሱ። ወረቀት በእርጥበት ይሰፋል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በነሐሴ የተበሳ ጥብጣብ በጥር ሲቀረጽ የጠርዝ ቀዳዳዎቹ ጥብጣቡን ከሚስቡት የመቅረጫው ጥርሶች ጋር አይገጥሙም። ጥብጣቡን ከመቅረጻችሁ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን መቅረጫው ባለበት ክፍል አሳድሩት።

ጥብጣብ ይቀመጣል፤ መጽሐፉ ዳግም ሲታተም እርሳሱን አቅልጦ እንደገና መቅረጽ ይቻላል። ግን የሰሌዳው አደራደር ከጠፋ ጥቅሉ ዲዳ ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝብርቅ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የተቀመጠው ፊደል ሳይሆን የቁልፍ ቦታ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ነው እያንዳንዱ የራሱን ቋሚ ቁጥር ያገኘው።

ስለዚህ ጥቅል ስታገኙ ለመተርተር አትቸኩሉ። መጀመሪያ የአደራደሩን ሠንጠረዥ ፈልጉ፤ ከማሽኑ አጠገብ በግድግዳ ወይም በመሳቢያ ይኖራል። በካርቶኑ ላይ የአደራደሩን ቁጥር፣ የረድፍ ወርዶቹን፣ «ሴቱን»፣ የመስመሩን ርዝመትና የመጽሐፉን ርእስ በእርሳስ ጻፉ፤ ቀለም በእርጥበት ይፈሳል። ሠንጠረዥ ከሌለ 31 ዓምድ አስምራችሁ የአንድ መስመር ቀዳዳዎችን ገልብጡ። በኤስ የተበሱትን አስቀድማችሁ ክበቡ፤ ቃል ከቃል የሚለየው እዚያ ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ ደጋግሞ የሚመጣውን አድራሻ ቁጠሩ፤ ን፣ ው ወይም ት ሳይሆን አይቀርም።