«አስፈላጊ ዘይት» ወይስ «ተናኝ ዘይት»?

ጥያቄ፦ ከጦስኝ ዘይት የሚያወጣ አንድ አነስተኛ ማኅበር በጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ይህ ከጦስኝ ቅጠል ተጨምቆ የተዘጋጀ አስፈላጊ ዘይት፣ ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ንጥረ ነገሮችን የያዘ ተፈጥሯዊ ውህድ ሲሆን ምንም ኬሚካል የለበትም። በውሃ በጥብጠው ይቀቡ።» ከአባላቱ አንዱ «አስፈላጊ» የሚለው ቃል አልጣመውም፤ «መዓዛማ ዘይት» ይባል ይላል። የትኛው ይሻላል? ለጥቁር አዝሙድ ዘይታቸውስ ይኸው ጽሑፍ ያገለግላል?

መልስ፦ አባሉ ልክ ናቸው፤ «አስፈላጊ» መውጣት አለበት። ቃሉ የገባው ከእንግሊዝኛው ስያሜ (essential oil) ቃል በቃል ተገልብጦ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ሁለት ፍች አለው። በሥነ ምግብ «አስፈላጊ አሚኖ አሲድ» ስንል ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ የግድ ከምግብ የሚገኝ ማለታችን ነውና አማርኛው ልክ ነው። በዘይቱ ስም ግን ቃሉ የተክሉን ጠረንና ባሕርይ የያዘውን ፍሬ ነገር ለማመልከት የገባ ነው እንጂ ለማንም የሚያስፈልግ ማለት አይደለም። ዐረቦች «ሽቷም ዘይት» እንደማለት ይሉታል፤ ጀርመኖችና ሩሲያውያን ደግሞ ቶሎ በሚተን ነገር፣ በኢተር ስም ይጠሩታል። «አስፈላጊ ዘይት» ተብሎ የተጻፈበትን ጠርሙስ የገዛ ሰው ለጤናው የሚበጅ መስሎት ቢጠጣው ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይሆንም።

«መዓዛማ» ስሕተት የለበትም። ከድንጋይ ድንጋያማ፣ ከፍሬ ፍሬያማ እንደሚባለው ነው። ችግሩ ወሰኑ መስፋቱ ነው፤ ጦስኝ የተዘፈዘፈበት የሰሊጥ ዘይትም መዓዛማ ነው። እኔ የምመርጠው «ተናኝ ዘይት»ን ነው። ከለመነ ለማኝ እንደሚወጣ ከተነነ ተናኝ ይወጣል፤ ቃሉም ይህን ዘይት ከምግብ ዘይት የሚለየውን ዋና ጠባይ ይናገራል። የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት ሞለኪውል አንድ ግሊሰሮልና ሦስት የቅባት አሲዶች የተያያዙበት ከባድ ነገር ስለሆነ አይተንም። የጦስኝ ዘይት ሞለኪውሎች ግን አብዛኞቹ 10 ካርቦን ብቻ ያላቸው ቀላሎች ናቸው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ነጭ ወረቀት ላይ ከሁለቱም አንድ አንድ ጠብታ አድርጎ ማሳደር። የኑጉ የቅባት ምልክት ጥሎ ያድራል፤ የጦስኙ ተኖ ይጠፋል። የጦስኙም ግልጽ የቅባት ምልክት ከተወ የምግብ ዘይት ተቀላቅሎበት ይሆናል።

ካልጠየቁኝ ቃላት ውስጥ የባሱ አሉ። «ተጨምቆ» ለሰሊጥ፣ ከተናኞቹም ለሎሚና ለብርቱካን ልጣጭ ይሠራል። የጦስኝ ቅጠል ቢጨመቅ የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ነው። ዘይቱ የሚገኘው እንፋሎት በቅጠሉ መሐል አልፎ፣ ዘይቱን አትንኖ ይዞት ሲሄድ፣ ሁለቱም በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ሲመለሱና ዘይቱ ከውሃው በላይ ሲንሳፈፍ ነው። ቲሞል ብቻውን የሚፈላው በ232 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከውሃ ጋር ሲሆን ግን የሁለቱ የተን (የእንፋሎት) ግፊት ስለሚደመር ከ100 ዲግሪ በታች አብሮ ይወጣል። ከደረቅ ቅጠል የሚገኘው ከመቶ 1 ወይም 2 እጅ ገደማ ነው፤ ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። «ነጥሮ» የሚሉ አሉ። እኔ አልከለክልም፤ ግን ቅቤ ሲነጠር የሚፈለገው ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ነው፣ እዚህ የሚፈለገው ተኖ የሚሄደው ነው። ለሥራው የሚቀርበው አረቄ ሲወጣ የምንለው «ማውጣት» ስለሆነ «በእንፋሎት የወጣ» ይበሉ።

«ንጥረ ነገር»ና «ውህድ» ያለ ቦታቸው ገብተውብዎታል። በትምህርት ቤቱ ኬሚስትሪ ንጥረ ነገር ካርቦን፣ ሃይድሮጂን፣ ኦክስጂን ነው። ቲሞልና ካርቫክሮል ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጂንና 1 ኦክስጂን ያላቸው፣ በአቀማመጥ ብቻ የሚለያዩ ውህዶች ናቸው። ዘይቱ ደግሞ የብዙ ውህዶች ድብልቅ ነው። ውህድ መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ድብልቅ ግን ይለዋወጣል። ጦስኙ ከአንዱ ደጋ ሲመጣ ቲሞል ይበዛበታል፣ ከሌላው ሲመጣ ካርቫክሮል። ጠርሙሱ ተከፍቶ አየርና ብርሃን ካገኘውም በውስጡ ካሉት ውህዶች ጋማ ተርፒኒን የተባለው እየቀነሰ ፓራ ሳይሚን የተባለው ይጨምራል፤ ስለዚህ «ጠቆር ባለ ጠርሙስ፣ በደንብ ተከድኖ» የሚል መስመር ቢጨምሩ ደግ ነው።

«ምንም ኬሚካል የለበትም» የሚለውን ያለ ምሕረት ይሰርዙት። ከአንድ መስመር በፊት የሁለት ኬሚካሎች ስም ጽፈዋል! ማለት የፈለጉት «ምንም አልተጨመረበትም» ከሆነ፣ እሱን ይጻፉ።

በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። የሚበጠበጥ ነገር ከውሃ ጋር የሚቀላቀል ነው፤ በሶ ይበጠበጣል። ይህ ዘይት ግን በውሃው ላይ ተንሳፎ ሳይቀጥን ቆዳ ላይ ያርፋል፣ ቲሞልም ቆዳ ያቃጥላል። ቃሉ «ማቅጠን» ነው፣ ማቅጠኛውም ሌላ ዘይት። አንዳንዶች «ተሸካሚ ዘይት» ይላሉ፤ «ማቅጠኛ ዘይት» ሥራውን በግልጽ ይናገራል። 1 ሚሊ ሊትር ወደ 20 ጠብታ ስለሚሆን፣ ከመቶ 1 እጅ እንዲሆን በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት 6 ጠብታ ይበቃል።

እንግዲህ ጽሑፉ እንዲህ ይሁን፦ «የጦስኝ ተናኝ ዘይት። ከጦስኝ ቅጠል በእንፋሎት የወጣ፤ ምንም አልተጨመረበትም። ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ውህዶች አሉበት። አይጠጣም። ቆዳ ላይ ከመቀባቱ በፊት በ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ዘይት 6 ጠብታ ብቻ አድርገው ያቅጥኑት። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ።»

ይህ ጽሑፍ ለጥቁር አዝሙዱ አይሆንም። በገበያ የሚገኘው አብዛኛው የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከፍሬው የተጨመቀ ነው፤ ብዙው ክፍሉ እንደ ኑግ የማይተን ቅባት ሲሆን ቲሞኪኖን የተባለውን ውህድ የያዘው ተናኝ ክፍል ጥቂት ነው። የማኅበሩም በመጭመቂያ የወጣ ከሆነ፣ ከጦስኙ ላይ ያስወጣሁት «ተጨምቆ» እዚያ ቦታው ነው፦ «የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ከፍሬው ተጨምቆ የተዘጋጀ»። «ተናኝ» የሚለው አይጨመርበትም።