መሬቱ በማን ስም ነው?

ልጆቼ፣ ማኅበር መሥርታችሁ ለተወለዳችሁበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ልትሠሩ፣ የተራቆተ ተራራ ልታለሙ ስትነሱ በጣም ደስ ይለኛል። ደብረ ብርሃን ላይ በጥብቅና ያረጀሁ ሰው ነኝና የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ግንባታ ከመጀመራችሁ በፊት መሬቱ በማን ስም እንደተመዘገበ አጣሩ።

«የፋውንዴሽናችን መሬት» ስትሉ እሰማለሁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አይሸጥም፣ አይለወጥም። እናንተ የሚኖራችሁ ይዞታ፣ ማለት መሬቱን የመጠቀም መብት ነው። በገንዘባችሁና በጉልበታችሁ መሬቱ ላይ ያቆማችሁት ቤት፣ የተከላችሁት ዛፍ ግን የድርጅታችሁ ንብረት ነው። ይህ ቀላል መብት አይደለም፤ በወረቀት ካልተያዘ ግን በክርክር ጊዜ ያስቸግራል።

ብዙ ጠብ የሚነሳው በወል፣ ማለት ሕዝቡ በጋራ በሚጠቀምበት መሬት ላይ ነው። ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና የግጦሹን ሜዳ መርቀው ይሰጣሉ። ምርቃታቸውን እኔም አከብራለሁ። ይዞታ የሚተላለፈው ግን በሕግ መንገድ ብቻ ነው። የገጠር መሬት አዋጅ 456/1997 መንግሥት የወል ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዞር እንደሚችል ይደነግግ ነበር። ዛሬ በቦታው አዋጅ 1324/2016 አለ። እሱንና የክልላችንን የመሬት ሕግ ራሳችሁ አንብቡ፤ የሰው ወሬ ላይ አትመኩ።

በሰሜን ሸዋ ያለውን የመንዝን ጓሳ ሜዳ ተመልከቱ። አባቶቻችን ያንን ሜዳ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። አለቃ ይመርጣሉ፣ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲከፈት ለቤት ክዳን ሣሩን ያጭዳሉ፣ ከብት ያሰማራሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ ሥርዓቱ ፈረሰ። ያ ሁሉ ዘመን የተጠበቀው መሬት በአንድ አዋጅ ማንም የሚገባበት ሆነ። በኋላ ሕዝቡ መተዳደሪያ ደንብና ኮሚቴ ይዞ ተነሣ፤ የክልሉ መንግሥትም የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አወቀለት። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያ አሉ። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ የሕዝብ ፍቅር ብቻውን አልበቃም፣ ሕጉም ብቻውን ሣር አልጠበቀም።

አደራ፣ መሬት በሊቀመንበሩ ስም እንዳይመዘገብ። «ለጊዜው ነው» ይባላል። ሰውየው ሲሞት ወራሾቹ የይዞታ ደብተሩን ይዘው ይመጣሉ፤ እንዲህ ያለ ፋይል ብዙ አይቻለሁ፣ መጨረሻው ያሳዝናል። ድርጅታችሁ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ተመዝግቦ የራሱ የሕግ ሰውነት ይኑረው፣ ይዞታውም በእሱ ስም ይሁን። ሲፈርስ ንብረቱ ወዴት እንደሚሄድ በደንባችሁ ጻፉ፤ ለአባላት የሚከፋፈል አይደለም።

ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ካርታውን አስወጡ። ከአዋሳኞቹ ጋር ድንበሩን በእግር ዙሩ፤ ሁሉም ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርሙ፣ ከብት የሚያሰማሩት ሴቶችም ጭምር። አንዱን ቅጂ ከቢሮአችሁ ውጭ አስቀምጡ።