የጓዳ ጥያቄ፦ ሚኒያፖሊስ ላይ የተበላ ጋምቦ

ይድረስ ለጓዳ ጥያቄ አዘጋጇ፣

እንደምን ሰነበቱ? የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን በአሰብ፣ ኋላም በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ስነዳ ኖሬ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ጥቅምት ልጄ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ወሰደችኝና አንድ ማታ «አባባ፣ ዛሬ ካጁን ላብላህ» አለችኝ። ካጁን የባለቤቱ ስም መስሎኝ ነበር። ስንገባ ግድግዳው ላይ የአዞ ራስ ተሰቅሏል፣ ሙዚቃው አኮርዲዮን ነው። መጀመሪያ «ጋምቦ» የሚሉት ቀላ ያለ ሾርባ ከሩዝ ጋር መጣ። ቀጥሎ ከል እስኪመስል የጠቆረ ዓሣ። የተነሰነሰበት ቅመም ሚጥሚጣን ያስንቃል፤ በርበሬ ያሳደገኝ ሰውዬ እንባዬ ወረደ። መጨረሻ ላይ «ትኩስ ክሮፊሽ» ብለው ቀይ ጥፍራም ነገር በትሪ ሙሉ ዘረገፉ። እሱን አልነካሁትም።

የከነከነኝ ሌላ ነው። እኛ እስላሞች ነን። ልጄ አስተናጋጁን «አሳማ አለበት?» ብላ ጠይቃው «የለም፣ ዶሮና ቋሊማ ብቻ ነው» አላት። ቋሊማው ራሱ አሳማ መሆኑን የሰማነው ከተበላ በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው። አሁን የምጠይቅዎ፦ ያ የበላሁት እውነተኛው ካጁን ነው ወይስ አታለሉን? ደግሞስ ያ ሾርባ አሳማው ወጥቶለት እዚህ ኮምቦልቻ ሊሠራ ይችላል? ጣዕሙ፣ እውነቱን ልናገር፣ አልወጣልኝም።

ጡረተኛው ሹፌር፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት። ስለ ቋሊማው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ስለሆነ።

ወሎ ውስጥ ሠርግ ሲደገስ እንግዳ አይጠይቅም። የእስላሙ ድስት ያው፣ የክርስቲያኑ ይሄው፣ አራጁም ለየብቻ፣ ደጋሹ ቀድሞ ይነግርዎታል። የአባቴ ወገን ክርስቲያን፣ የእናቴ እስላም ስለሆነ እኔ ያደግሁት በሁለት ድስት መካከል ነው። እዚያ አገር ግን ማንም ቀድሞ አይነግርዎትም። ካጁን ጋምቦ ውስጥ የሚገባው ቋሊማ አንዱዊ ይባላል፤ በጭስ የደረቀ አሳማ ነው። ታሶ የሚሉትም እንዲሁ አሳማ ነው። ያ አስተናጋጅ ዋሽቶ አይመስለኝም። ለእሱ «አሳማ» ማለት ሳህን ላይ የሚታይ ቁራጭ ሥጋ ነው፤ ቋሊማን ከአሳማ አይቆጥረውም። ስለዚህ ልጅዎ ሌላ ጊዜ ስትጠይቅ «አሳማ አለበት?» ብላ አታቁም። ቋሊማው ከምንድን ነው፣ መረቁ በምን ተቀቀለ፣ ሩዙና ባቄላው ውስጥ ምን ገባ፣ የተጠበሰው በምን ስብ ነው፣ ብላ ትውረድበት። ካላወቀ ወጥ ቤት ገብቶ ይጠይቅ፤ ለዚያ ነው ደመወዝ የሚከፈለው። ሳያውቁ የበሉትን በተመለከተ ቃሉ የእኔ ሳይሆን የሼህዎ ነው። እኔ የማውቀው ድስቱን ብቻ ነው። ብቻ አብሽሩ።

ወደ ካጁን ልምጣ። የሰው ስም መስሎኝ ነበር ያሉት ብዙም አልተሳሳቱም፣ የሕዝብ ስም ነው። ዛሬ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው ዳርቻ፣ አካዲያ በሚሉት አገር፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ይኖሩ ነበር። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት) ቤታቸውን እያቃጠሉ በመርከብ እየጫኑ በተኗቸው። ከነዚያ ውስጥ የተወሰኑት በ1765 ከአሜሪካ በስተደቡብ ያለችው ሉዊዚያና ገቡ፤ በ1785 ደግሞ ከፈረንሳይ በሰባት መርከብ 1,600 ያህል ሰው መጣ። «አካዲያን» የሚለው ስም በአፍ ሲመላለስ ተሸራርፎ «ካጁን» ሆነ። እንግዲህ ቀዝቃዛ አገር የለመደ ገበሬ አዞ ያለበት ረግረግ ላይ ተጣለ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የሳሳፍራስ ዛፍ ቅጠል ፈጭቶ ወጥ ማወፈርን ተማረ። በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን ደግሞ ባምያን አገኘ። «ጋምቦ» የሚለው ቃል ራሱ ከአፍሪካ ቋንቋ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ባምያ። የጋምቤላና የአሶሳ ሰው ያቺን አረንጓዴ ለሐጫም ፍሬ ከእኛ ይልቅ ያውቃታል። እና ይህ ምግብ ከአገሩ ርቆ መበላት ሚኒያፖሊስ ላይ አልጀመረውም፤ ሲወለድም ስደተኛ ነበር።

ሚኒያፖሊስ ከሉዊዚያናዋ ትልቅ ከተማ ከኒው ኦርሊንስ በመኪና ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ነው። ለሹፌር ልንገርዎት፦ ከደሴ አዲስ አበባ አምስት ጊዜ። ደግሞ ኒው ኦርሊንስም የካጁን አገር አይደለችም። ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተው ላፋዬት ሲደርሱ ነው የአገሩን እምብርት የሚያገኙት።

እኔ ላፋዬት አልኖርኩም። ሂውስተን ውስጥ አለቃዬ የዚያ አካባቢ ሰው በሆነ ወጥ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን ረጅም ማማሰያ ሰጠኝና ዘይትና የፉርኖ ዱቄት እኩል በእኩል ድስት ውስጥ ጥዶ «ቀለሙ እስኪመጣ አማስይ» አለኝ። ሩ ይሉታል። እኔ ደሴ ሆቴል ቤት ሽንኩርት ሳቁላላ ያደግሁ ሰው፣ ይሄ ምን አለው ብዬ እሳቱን ከፍ አደረግሁት። ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል አለበት። መጣና አንዴ አሽትቶ ድስቱን እንዳለ ቆሻሻ ላይ ገለበጠው። ሁለተኛውንም ገለበጠው። በሦስተኛው እሳቱን ዝቅ አድርጌ አርባ ደቂቃ ቆምኩ። መጀመሪያ ነጭ ነው፤ ቀጥሎ የአሻሮ መልክ ያመጣል፤ ከዚያ የለውዝ ቅቤ ይመስላል፤ ታግሰው ከጠበቁት ደግሞ ቡና ቆሎ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ሽታው እናቴ ምጣድ ላይ ቡና ስትቆላ «በቃ፣ አውርጂው» የምትለው ሽታ ነው። አንድ ደቂቃ ቢያልፍ ከሰል ነው። ያን ቀን ገባኝ፣ የእኛ ቁሌት የሚጠይቀውን ትዕግሥት እነሱ ከዱቄት ላይ ይጠይቁታል። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሰለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይጨመራል። ሦስቱን አንድ ላይ «ቅድስት ሥላሴ» ነው የሚሏቸው። አጎቴ ቄስ ነበርና ይህን በደብዳቤ ስጽፍለት ለሳምንት አኮረፈኝ።

ስለዚህ የካጁን ቤት እውነተኛ ነው አይደለም ስል እኔ የማየው በርበሬውን አይደለም። ጋምቦውን በማንኪያ ገልጬ ቀለሙን አያለሁ። ቡናማ ከሆነና ያ የተቆላ ነገር ሽታ ካለው አንድ ሰው እሳት ዳር ቆሟል ማለት ነው። የእርስዎ ቀላ ያለ ነበር ብለዋል፤ ቲማቲም ገብቶበታል። ቲማቲም የከተማው፣ ክሪዮል የሚሉት ወጥ ቤት ልማድ ነው። ኒው ኦርሊንስ ቢበሉት ማንም አይነቅፈውም፤ የገጠሩ ካጁን ግን ይስቅብዎታል። አጠገቡ የድንች ሰላጣ ቀርቦ ነበር? እነሱ ያንን ጋምቦው ውስጥ ጨምረው ነው የሚበሉት። ያን ያየሁበት ቤት አለቃው የዚያ አገር ሰው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

የሚያቃጥለው ነገርም ከሩቅ የተለጠፈ ስም ነው። ከአገሩ ውጭ «ካጁን» ማለት ቀይ ዱቄት ማለት ሆኗል። ፓፕሪካ፣ ሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ፣ የነጭ ሽንኩርትና የቀይ ሽንኩርት ዱቄት፣ ጦስኝ፤ ድንች ጥብስ ላይም ዶሮ ላይም ይነሰነሳል። እዚያ አገር ግን ምግቡ ያውዳል፣ ይከብዳል እንጂ አያስለቅስም። መቃጠል የፈለገ ጠረጴዛው ላይ ታባስኮ አለለት። ያቺ ትንሽ ጠርሙስ ከ1868 ጀምሮ ኤቨሪ አይላንድ በሚባል የሉዊዚያና ቦታ የምትሠራ፣ ቃሪያው ተፈጭቶ በበርሜል ዓመታት የሚቀመጥላት ናት። ልክ እኛ ጥሬ ሥጋ ስንበላ አዋዜውን ለብቻ እንደምናቀርበው።

የጠቆረው ዓሣ ደግሞ ታሪክ አለው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ አይደለም። ፖል ፕሩዶም የሚባል፣ ሉዊዚያና ውስጥ ኦፔሉሳስ ከተማ አጠገብ የተወለደ የአሥራ ሦስት ልጆች መጨረሻ፣ በ1979 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ምግብ ቤት ከፈተ። ሬድፊሽ የሚባለውን ዓሣ በቀለጠ ቅቤ ነክሮ፣ ቅመም አልብሶ፣ በጋለ የብረት መጥበሻ ላይ ጣለው። አሜሪካ አበደች። ዓሣው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እስኪመናመን ተጠመደና በ1980ዎቹ መንግሥት ለገበያ መጥመዱን እስከ መከልከል ደረሰ። ጥቁረቱ ከቅቤውና ከቅመሙ ነው የሚመጣው፤ ዓሣው ውስጡ ነጭና ለስላሳ መሆን አለበት። የእርስዎ ውስጡም ደርቆ ከነበረ ያ ጥቁር ሳይሆን ያረረ ነው።

ክሮፊሹ ላይ «ትኩስ» ያሉዎት ግን አስቆኛል። ያ ጥፍራም የሸርጣን ዘመድ፣ ከረግረግና ከሩዝ ማሳ ውሃ የሚወጣ ነው፤ ደህና የሚገኝበት ወቅት በእኛ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። በጥቅምት፣ ያውም ሚኒያፖሊስ፣ ከበረዶ ሳጥን ወጥቶ ነው የሚቀርበው። አለመንካትዎ ጥሩ ነው። ወቅቱን ጠብቀው ቢሄዱ ግን ነውር የለውም፤ እዚያ ያሉ ካቶሊኮች በዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ ሥጋ ትተው ተሰብስበው እሱን ነው የሚፈለፍሉት። ጾመኛ ነን ብለው ትሪ ሙሉ ሲበሉ ማየት ለእኛ ዓይን ይከብዳል።

አታለሉን ወይ ለሚለው፦ አላታለሉዎትም፣ አልደከሙበትም። ሁለቱ ይለያያሉ።

አሁን ኮምቦልቻ ላይ እንሥራው። አንድ የሐበሻ ዶሮ በየብልቱ ቆራርጠው በሁለት ሊትር ተኩል ውሃ ቀቅለው መረቁን ያስቀሩ። አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይትና አንድ የሻይ ብርጭቆ የፉርኖ ዱቄት ወፍራም ድስት ውስጥ በዝግተኛ እሳት ያማስሉ፤ ስልክ ቢጠራ አያንሡ። ቡና ቆሎ ሲመስል ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ የፈረንጅ ቃሪያና ሰለሪ (ደሴ አትክልት ተራ አንዳንዴ ይገኛል፤ ከጠፋ ይተዉት) ደቀቅ አድርገው ይጨምሩ። ይንጫጫል፣ አይደንግጡ። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ መረቁን በጥቂት በጥቂት እያፈሰሱ ይፍቱት፤ አንዴ ከገለበጡት ይጓጉላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጦስኝ፣ ጨውና ትንሽ ሚጥሚጣ ያስገቡ። በቋሊማው ፈንታ እኔ ምድጃ ላይ ተሰቅሎ ጭስ የጠጣ የገጠር ቋንጣ አንድ እፍኝ እጨምርበታለሁ። ሐላል የታረደ ከሆነ የእርስዎ ችግር ተፈታ፣ ያ የጭስ ጣዕምም አልቀረም። ዶሮው ተመልሶ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ባምያ ካገኙ ከትፈው አብረው ይቀቅሉት። ሲያቀርቡ ነጭ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን መካከል ያድርጉና በላዩ ያፍሱት። እንጀራ ላይ ካፈሰሱት ግን ስሙን ይቀይሩለት።

ሌላ ደብዳቤ፣ በአጭሩ

ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ እህታችን፣ ዱባይ ያለች ዘመዷ የካጁን ቅመም በጣሳ እንደላከችላት ጽፋ «ቆሮሶው ላይ ነስንሼ ካጁን ብዬ ዋጋ ልጨምርበት ወይ?» ትላለች።

የኔ እናት፣ ዋጋ መጨመሩ የአንቺና የደንበኛሽ ጉዳይ ነው። ግን የጣሳውን ጀርባ አንብቢ፤ አብዛኛው ጨው ነው። ዓሣውን ጨው አድርገሽ እሱን ከደገምሽበት ማንም አይጨርሰውም። ከቆሮሶ ይልቅ ለዚህ አምባዛ ይሻልሻል፤ ሉዊዚያና ውስጥም የአምባዛ ዘመድ ነው የሚበሉት። ሥጋው ወፈር ያለ ስለሆነ እሳቱን ይችላል። ቅመም ያልገባበት ንጥር ቅቤ ተጠቀሚ፣ መጥበሻው ጭስ እስኪል ይጋል፣ በአንድ ጎን ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ደጅ ላይ ጥበሽው። እኔ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ሞክሬ ጎረቤቶቼ ቤት ተቃጠለ ብለው በጀሪካን ውሃ ይዘው መጡ። መጋረጃዬ እስከ ዛሬ ይሸታል።