«ዌስት ባንክ» ምን ማለት ነው? የአንድ እንግሊዝኛ ቃል ሦስት መንገዶች

ጥያቄ፦ «ውድ መምህር፤ ዜና ስከታተል ‹ዌስት ባንክ› የሚባል የቦታ ስም ደጋግሜ እሰማለሁ። ልጄ ‹ስሙ የወጣለት እዚያ ከነበረ ባንክ ነው ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም እርግጠኛ ስላልሆንኩ መልስ ሳልሰጠው ቀረሁ። ‹ባንክ› የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ምን ምን ትርጉሞች አሉት? አመጣጡስ ከየት ነው? በአማርኛ ስንጽፍ ይህን ስፍራ ምን ብንለው ይሻላል?»

መልስ፦ በዚህ ስም ውስጥ ያለው «ባንክ» ከገንዘብ ቤት ጋር ግንኙነት የለውም። ትርጉሙ የወንዝ ዳርቻ ነው፤ ወንዙም ዮርዳኖስ ነው። ስሙ ሲፈታ «ምዕራባዊው ዳርቻ» ይሆናል። ያም ሆኖ የልጅዎ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ አማርኛ «ባንክ»ን የተዋሰው በአንድ ትርጉሙ ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ወንዝ ወደ አእምሮው የሚመጣበት ምክንያት የለም።

እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ የወጡ ናቸው። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች እነዚህን ቋንቋዎች አነጻጽረው እንደደረሱበት፣ በዚያ እናት ቋንቋ ከፍ ብሎ የተከመረ አፈርን፣ ተዳፋትን ወይም መደብ መሰል ነገርን የሚያመለክት አንድ ሥርወ ቃል ነበረ። ይህ ሥርወ ቃል በሦስት መንገድ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል፤ የዛሬው ድብልቅልቅም የመጣው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከሰሜን የመጣው ነው። ከስካንዲኔቪያ ተሻግረው እንግሊዝ አገር የሰፈሩ ሕዝቦች ይዘውት ሳይመጡ አልቀረም፤ ትርጉሙም ተዳፋት፣ ክምር፣ የወንዝ ዳርቻ ነው። ከዚህ ትርጉም ብዙ ቅርንጫፎች ወጥተዋል። በባሕር ውስጥ የተከመረ አሸዋ፣ ነፋስ የቆለለው በረዶ፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚታይ ጉምም በእንግሊዝኛ በዚሁ ቃል ይጠራሉ። አውሮፕላን ሲታጠፍ ወደ አንድ ጎኑ ማዘንበሉም የሚገለጸው በዚህ ቃል ነው። ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚን የሚያሳስተው ግን ግሱ ከእሳት ጋር ሲመጣ ነው። የቤት እመቤት ማታ ፍሙን ሰብስባ፣ አመድ አልብሳ፣ እስከ ንጋት እንዲቆይ የምታደርገውን ሥራ እንግሊዝኛው «ባንክ» በሚለው ግስ ይገልጸዋል፤ አመዱ በፍሙ ላይ ይከመራልና። እኛ ለዚህ «ማዳፈን» የሚል የታወቀ ቃል አለን፤ «እሳቱን አዳፈነችው» ማለት ሲቻል «እሳቱን አስቀመጠችው» ብሎ መተርጎም አንባቢን ግራ ያጋባል።

ሁለተኛው መንገድ ጣልያንን ዞሮ የመጣው ነው። ጣልያንኛ ቃሉን ከዚሁ የእንግሊዝኛና የጀርመንኛ ቋንቋ ቤተሰብ ወሰደው፤ በዚያም አግዳሚ ወንበርን፣ ከዚያም የንግድ ጠረጴዛን የሚያመለክት ሆነ። በመካከለኛው ዘመን እንደ ጄኖዋ፣ ቬኒስና ፊሬንዜ ባሉ ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ጠረጴዛቸውን ዘርግተው ይሠሩ ስለነበር፣ የጠረጴዛው ስም የሥራው ስም ሆነ። እንግሊዝኛ ይህን ትርጉም በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በፈረንሳይኛ በኩል ተቀበለ። ለከሰረ ነጋዴ የሚነገረው «ባንክራፕት» የሚለው ቃልም ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ ቃል በቃሉ የተሰበረ ጠረጴዛ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። «ጠረጴዛ» የምንለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ ግሪኮች ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ይህንኑ ቃል ለገንዘብ መንዛሪውም ቤት ተጠቅመውበታል። የሉቃስ ወንጌል 19፥23 የግሪክኛ ንባብ ገንዘብ በአደራ የሚሰጥበትን ቦታ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። ዛሬ አቴንስ የሄደ ሰው በባንክ ቤቶች ደጃፍ ላይ «ትራፔዛ» የሚል ጽሑፍ ያያል፤ የእኛው «ጠረጴዛ» መሆኑ ነው። ስለዚህ የገንዘብ ቤትን በጠረጴዛ ስም መጥራት ጣልያኖች የጀመሩት ነገር አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ አጭር ነው። ፈረንሳይኛ አግዳሚ ወንበርን የሚጠራበት ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የመርከብ ቀዛፊዎችን አግዳሚ፣ ከዚያም የመቅዘፊያዎችን ረድፍ አመለከተ። ዛሬ በተርታ የተደረደሩ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎች በዚህ ስም የሚጠሩት ከዚያ ተነሥቶ ነው።

እንግዲህ የወንዙ ዳርቻ፣ የገንዘቡ ቤትና የመቅዘፊያው ረድፍ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። የአፈር ክምር፣ መቀመጫ፣ ረድፍና ገንዘብ በአንድ ቃል ቤተሰብ ውስጥ መገናኘታቸው እንግዳ የሚመስለው ሰው ቢኖር የራሳችንን «መደብ» ይመልከት። ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከጭቃ ከፍ ብሎ የሚሠራው መቀመጫና መኝታ መደብ ነው፤ ችግኝ የሚፈላበት ከፍ ያለ አፈርም መደብ ነው፤ በሰዋስው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ እንላለን፤ ስለ ኅብረተሰብ ስንጽፍ የገበሬው መደብ፣ የሠራተኛው መደብ እንላለን፤ ለአንድ ሥራ ገንዘብ ሲለይለትም «በጀት ተመደበ» ይባላል። በእኔ አስተያየት «ባንክ»ን ለተማሪ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ በአማርኛ አይገኝም።

አማርኛ ከእነዚህ ትርጉሞች የወሰደው የገንዘቡን ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ባንክ፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቃሉ ከገንዘብ ቤትነት አልወጣም። በኋላ የመጡት «የደም ባንክ» እና «የጂን ባንክ» የሚሉት አነጋገሮችም ለክፉ ቀን ማስቀመጥን ከገንዘቡ ትርጉም የወሰዱ እንጂ ከወንዙ ጋር የሚገናኙ አይደሉም። በሌላ በኩል የጣልያንኛው የጠረጴዛ ትርጉም በራሱ በር ገብቶ ቀርቶልናል፤ በቡና ቤትና በሱቅ ሻጩን ከገዢው የሚለየውን ረጅም ጠረጴዛ «ባንኮኒ» የምንለው ከጣልያንኛ ወስደን ነው። ባንክ ቤት ገብቶ ባንኮኒው ፊት የሚቆም ሰው ሁለቱን ወንድማማች ቃላት በአንድ ስፍራ አገኛቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ቦታው ስም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1948 በተደረገው ጦርነት፣ በዚያን ጊዜ ግዛቱ ከዮርዳኖስ ወንዝ በስተ ምሥራቅ የነበረው የዮርዳኖስ መንግሥት ወንዙን ተሻግሮ የምዕራቡን ምድር ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1950ም ከግዛቱ ጋር ቀላቀለው። አንዱ መንግሥት በወንዝ ለሁለት በመከፈሉ ነባሩ ክፍል «ምሥራቃዊው ዳርቻ»፣ አዲሱ «ምዕራባዊው ዳርቻ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1967 እስራኤል ስፍራውን ከያዘች በኋላም ስሙ በዓለም አቀፍ አጠቃቀም ጸንቶ ቀርቷል። ዐረብኛው «አድ ዲፋ አል ገርቢያ» ይለዋል፤ «ዲፋ» የወንዝ ዳርቻ ብቻ ስለሆነ ዐረብኛ ተናጋሪ የልጅዎ ጥያቄ አይገጥመውም። ፈረንሳይኛ ደግሞ «ሲስዦርዳኒ»፣ ማለትም ከዮርዳኖስ ወዲህ ያለው ምድር፣ ይለዋል። እስራኤል ውስጥ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን በመንግሥት አነጋገር «ይሁዳና ሰማርያ» ሲባል ይሰማሉ፤ በዚህና በሌላው ስም መካከል መምረጥ የፖለቲካ ጉዳይ በመሆኑ ከቃላት ጥናት አልፎ ይሄዳል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች «የዮርዳኖስ ማዶ» የሚለውን ለዚህ ስፍራ ሲጠቀሙበት አያለሁ፤ ይህ መታረም አለበት። «ማዶ» ተናጋሪው ከቆመበት ወዲያ ያለው ነው። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «በዮርዳኖስ ማዶ» ሲባል በአብዛኛው የሚመለከተው ምሥራቁን፣ የዛሬውን የዮርዳኖስ መንግሥት ምድር ነው፤ ስለዚህ አንባቢውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይወስደዋል።

«ዳር»፣ «ዳርቻ» እና «አፋፍ»ም አንድ አይደሉም። «አፋፍ» ከፍ ብሎ ወደ ገደል የሚያዩበት ጠርዝ ነው። «ዳር» ውኃው የሚነካው ጠርዝና አጠገቡ ነው፤ ባሕር ዳር ከተማ ስሟን ያገኘችው ከጣና ዳር በመሆኗ ነው። «ዳርቻ» ግን «የከተማው ዳርቻ» እንደምንለው ሰፋ ያለ አካባቢን ይይዛል። የምንነጋገርበት ስፍራ ደግሞ በወንዙ ጠርዝ ላይ ብቻ የተዘረጋ መሬት አይደለም፤ ኢያሪኮ በዮርዳኖስ ሸለቆ ውስጥ ብትሆንም፣ ኬብሮን ከባሕር ወለል በላይ ከ900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ተራራማ ምድር ላይ ናት፤ ቤተልሔምና ራማላም ከወንዙ ርቀው በደጋው ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ከሦስቱ የሚስማማው «ዳርቻ» ነው።

ምርጫዬን ልንገርዎ። በጽሑፍ መጀመሪያ ላይ «የዮርዳኖስ ምዕራባዊ ዳርቻ» ይባል፤ ከዚያ በኋላ «ምዕራባዊው ዳርቻ» ብቻ ይበቃል። «ዌስት ባንክ» በመገናኛ ብዙኃን ስለተለመደ እንደ ቦታ ስም ሳይተረጎም ቢጻፍ ስሕተት አልለውም፤ ግን አንድ ጊዜ ትርጉሙ አብሮ ቢቀመጥ ልጅዎን የመሰሉ አንባቢዎች ይረዳሉ። ግማሹን ተርጉሞ ግማሹን በመተው «ምዕራብ ባንክ» ማለት ግን አይገባም፤ ይህ በአማርኛ የአንድ ገንዘብ ቤት ስም ሆኖ ይሰማል። «የዌስት ባንክ ዳርቻ» ማለትም ዳርቻን ሁለት ጊዜ መናገር ነውና ይቅር።