መልስ፦ ወጣቱ መቼ ነው ቋሚ የሚሆነው?

ወንድሜ፣ «ተቀይሮ ገብቶ ጎል ያገባ የ17 ዓመት ልጅ ለምን በቀጣዩ ጨዋታ ቋሚ (ከመጀመሪያው ደቂቃ ተሰላፊ) አይሆንም?» ላልከው፣ ዕድሜውን ተወው። የክንፍ አጥቂው ላሚን ያማል በ2023 የባርሴሎናን ዋና ቡድን ሲቀላቀል ገና 15 ዓመቱ ነበር። ተቀይሮ የገባ ልጅ የሚገጥመው የደከመ ተከላካይ ነው፤ ቋሚ ሲሆን ግን ተጋጣሚው በቪዲዮ አጥንቶት ይመጣል።

እኔ የማየው ኳስ ሲነጠቅ የሚያደርገውን ነው። ፒያሳ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነን ልጁ ሁለት ሰው ሲያልፍ እንጮሃለን። አሰልጣኙ የሚያየው ግን ከተነጠቀ በኋላ ወገቡን ይዞ መቆሙን ወይም ሮጦ ተመልሶ የመስመር ተከላካዩን ማገዙን ነው። (ወገብ የሚይዙ ጎበዞችማ እዚሁ ጎንደር አዘዞ ሰፈርም ሞልተዋል!)

ደግሞ በሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው በሰው ጉዳት ነው። የክንፍ ተጫዋቹ ቡካዮ ሳካ በ2019/20 አርሰናል ውስጥ የተደላደለው ግራ ተከላካዮቹ ሲጎዱ፣ የራሱ ባልሆነ ቦታ ተሰልፎ ነው። ከዚያ ወዲያ ማን ያስወጣው?

የኔ ስጋት ቶሎ መሰለፉ ሳይሆን ሳያርፍ መሰለፉ ነው። የባርሴሎናው አማካይ ፔድሪ በ2020/21 ለክለብና ለሀገር ከ70 በላይ ጨዋታ ተጫውቶ፣ በቀጣዩ ዓመት ጉዳት አላስቀምጥ አለው። ለክለባችን ለፋሲል ከነማም ታዳጊ ቢመጣ፣ መጀመሪያ ላይ 60 ደቂቃ አጫውቼ ነው የማስወጣው፤ ደጋፊው ቢያጉረመርምም።