የገና አባትን መስደብ አላዋጣኝም

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሁለት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ገናን የሚያውቁት በስጦታና በቀይ ለባሹ ሽማግሌ ብቻ ነው። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም፤ እናታቸውም ቤተ ክርስቲያን ከሳመች ቆይታለች። ስለ ጌታችን ልደት ሳላስተምራቸው እንዳልሞት እፈራለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብለሻል። በዕድሜ የምንቀራረብ ስለ መሰለኝ አንቺ ማለቴን አትቀየሚኝ። እኔ ሜሪላንድ ልጄ ዘንድ ከመጣሁ የዘንድሮው አምስተኛ ገናዬ ይሆናል። ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ወንድ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ መካከለኛዋ ሴት ስምንት፣ ትንሹ አምስት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገናዎች በገዛ እጄ አበላሽቻቸዋለሁና ከጥፋቴ ልጀምርልሽ።

በመጣሁ ዓመት ቤቱ ውስጥ ዛፍ ቆሞ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ትልቁ ልጅም ለገና አባት ደብዳቤ ሲጽፍ አየሁና ደሜ ፈላ። «የገና አባት የሚባል የለም፤ ውሸት ነው፤ ስጦታውን የሚገዛልህ አባትህ ነው» አልኩት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ አወጀላቸው። ስንቱ እያለቀሰ ቤቱ እንደገባ እግዚአብሔር ይወቀው። አስተማሪዋ ማታውኑ ደወለች። ልጄ አልጮኸችብኝም፤ «እማዬ፣ ያስተማርሽው እኮ ሃይማኖት ሳይሆን ጠብ ነው» ብላ ወደ ክፍሏ ገባች። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ደግሞ መምህር ሆንኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስቱንም ሶፋ ላይ ደርድሬ፣ ከአዳም ጀምሬ፣ በአማርኛ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሴቷ እንቅልፍ ወሰዳት። ትንሹ ያን ጊዜ ጡት የሚጠባ ነበር፤ እሱ ምን ያድርግ። ትልቁ በትዕግሥት ከቆየ በኋላ «አያቴ፣ ይኼ ሲያልቅ ምን እንበላለን?» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት።

መንገዱን ያሳዩኝ ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። በዚያ ወቅት ነጋ ጠባ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ቀን ቀረው?» አንድ ማለዳ ቡና እየቆላሁ ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ነቢያት ሲጠይቁ የኖሩት ይኼንኑ አይደለም እንዴ? ጾማችንስ ስሙ ጾመ ነቢያት የተባለው ይወርዳል ይወለዳል ብለው ሲጠብቁ የኖሩትን ለማሰብ አይደለም? ልጆቹ መጠበቅን ያውቁታል፤ የሚጠብቁት ሌላ ነው እንጂ። ስለዚህ ከመጠበቁ ጀመርኩ።

ከዚያ በፊት ግን ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋገርኩ፤ ይህን አትዝለዪው። እናትና አባት ሳይፈቅዱ በጓዳ የሚሰጥ ትምህርት ልጆቹን ምሥጢር መደበቅ ነው የሚያስተምራቸው። እሷ ሁለት ነገር ለመነችኝ፦ እንዳላስፈራራቸውና የጓደኞቻቸውን በዓል እንዳላንኳስስባቸው። እኔ አንድ ነገር ለመንኳት፦ ከኅዳር 15 እስከ ልደት ድረስ በሳምንት አንድ ምሽት። ተስማማን። እሷ ትምጣ አትምጣ አልጠየቅኳትም።

ለትልቁም የበደልኩትን ካስኩ። የገና አባት የተባለው ነገር ሥር እንዳለው ነገርኩት፤ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ ሜራ በምትባል ከተማ ኒቆላዎስ የሚባል ጳጳስ ነበረ፤ ሦስት ሴቶች ልጆቹን ለመዳር አቅም ላጣ አባት በሌሊት ወርቅ ጥሎለት ሄደ ይባላል። «ሰውየው ውሸት አይደለም፤ ልብሱን ነው የቀየሩበት» አልኩት። ደስ ብሎት ሄዶ ይህንንም አወጀ። በዚህኛው ማንም አልደወለም።

ልጅ ሁሉ በአንድ በር አይገባም። ትልቁ የቁጥር ልጅ ነው። «እኛ ለምን በጃንዋሪ 7 እናከብራለን? ኢየሱስ ሁለት ጊዜ ነው የተወለደው?» አለኝ። የማላውቀውን አውቃለሁ ከማለት ብዬ ቄሱን ጠየቅኩ፤ ለካስ ቀላል ነው። የእኛ ታኅሣሥ 29 በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ዲሴምበር 25 ነው። ምዕራባውያን በእነሱ 1582 በጳጳሳቸው በጎርጎርዮስ ጊዜ የቀን መቁጠሪያቸውን ሲያርሙ አሥር ቀን ዘለሉ፤ እኛ በነበርንበት ቀረን፤ ልዩነቱም እያደገ ዛሬ 13 ቀን ደርሷል። ልጁ ወረቀት አውጥቶ አሰላና ከእነሱ 2100 በኋላ ልዩነቱ 14 ስለሚሆን ገና በጃንዋሪ 8 እንደሚውል ደረሰበት። «ያን ጊዜ እኔ ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ይሆናል፤ ለልጅ ልጆቼ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። እኔ በዚያች ቅጽበት ምን እንደ ተሰማኝ አንቺ ታውቂዋለሽ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ላይ ልደት ታኅሣሥ 28 ተጽፎ አየና ስሕተት ያገኘ መስሎት እየሮጠ መጣ። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን የዘመን ስሌት፣ በዚያ ጀመርን። እያንዳንዱ ዓመት በአንዱ ወንጌላዊ ስም ይጠራል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ትደምሪያለሽ፣ ለአራት ታካፍያለሽ፤ አንድ ሲተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ሲካፈል ዮሐንስ። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ከእሱ በፊት ያለፈችው ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለ ነበረች ልደት በ28 ዋለ። 2018 ሲሆን 7518 ይመጣና ሁለት ይተርፋል፤ ማርቆስ ነው። ቁጥሩን ከያዘ በኋላ «5500 ምንድን ነው?» ማለቱ አይቀርም፤ አለም። አዳም ከገነት ሲወጣ የተሰጠውን ተስፋ፣ አምስት ቀን ተኩል የተባለውን፣ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት የሚቆጠረውን፣ በዚያች ምሽት ነገርኩት። ባለፈው ዓመት ሶፋ ላይ ያስተኛሁበት ትምህርት ይኸው ራሱ ነበር።

መካከለኛዋ ታሪክ ትወዳለች። ለእሷ የሆነላት ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስቱ ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ እንደሚባሉ ታውቂያለሽ። ስብከትን በነቢያት ታሪክ አሳለፍነው። የብርሃን ሳምንት ከእነሱ ዲሴምበር 25 ጋር ይገጥማል፤ ሰፈሩ ሁሉ በመብራት አጊጦ እያለ እኛ የቤታችንን መብራት ለአሥር ደቂቃ አጥፍተን አንድ ጧፍ ለኮስን። በጨለማው መሳቃቸው ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ጧፉ ሲበራ ግን ዝም አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ የሚጸልይለትን ሰው ስም ጠራ። ትንሹ የጎረቤቱን ውሻ ጠራ፤ አላረምኩትም።

ኖላዊ ግን የእኔ ሳምንት ሆነ። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው ብዬ ብቻ ባልፈው ምንም አይገባቸውም፤ እረኛ አይተው አያውቁማ። ስለዚህ ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። ወሎ ነው ያደግኩት፤ ታላቅ ወንድሜ በሰባት ዓመቱ በግ ጠባቂ ነበር። ጅብ ሲጮኽ በጎቹ እንዴት አንድ ላይ እንደሚተፋፈጉ፣ ወንድሜ በድምፁ ብቻ እንዴት እንደሚያረጋጋቸው፣ አንዲት ግልገል ጠፍታ ያደረች ዕለት አባታችን ፋኖስ ይዞ እንዴት እንደ ወጣ ነገርኳቸው። ስለ ግርግምም እንዲሁ። እነሱ ግርግም የሚመስላቸው በየመደብሩ መስኮት የሚቀመጠው ንጹሕ የእንጨት ሣጥን ነው። በእኛ ቤት ግርግሙ ከመደባችን አጠገብ እንደ ነበር፣ በብርድ ሌሊት የላሟ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቅ እንደ ነበር ስነግራቸው ዓይናቸው ፈጠጠ። «እናንተ ከላም ጋር ነበር የምትተኙት?» አለች ሴቷ። አዎ፣ ጌታም እንደዚያ ነው የተወለደው፤ ከብቶቹ በእስትንፋሳቸው አሞቁት ይላሉ አባቶች። ከዚያ በኋላ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ ሁለት በእንግሊዝኛ ትልቁ አነበበ፤ እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ የሚለው ላይ ሲደርስ እኅቱ አቋረጠችው። «ወደ ቤተ ልሔም ሲሄዱ በጎቹን ለማን ተዉአቸው?» አለች።

ስድሳ ዓመት ሙሉ ይህን ንባብ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። ወንድሜ ቢሆን በጎቹን ጥሎ ንቅንቅ አይልም ነበር አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ይዘዋቸው ነው የሄዱት» ብላ ፈረደች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ የልደቱን ሥዕል አሳየኋት፤ ከሕፃኑ አጠገብ በግ ተሥሏል። ወደ እኔ ዞራ «አላልኩሽም?» ስትል ቅዳሴ ላይ መሆኔን ረስቼ ሳቅኩ።

ታኅሣሥ 19ን ደግሞ እንዳታሳልፊው። የቅዱስ ገብርኤል በዓል አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር 28 ስለሚውል ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹ አዲሱን መጫወቻ ሰልችተው ቤት ውስጥ የሚቅበዘበዙበት ጊዜ ነው። አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶኑ እሳት እንዴት እንዳወጣቸው ነገርኳቸው፤ እነሱም ሦስት ስለ ሆኑ ወዲያው የሶፋውን ትራስ ከምረው እቶን ሠሩና ገቡበት። እሳት ውስጥ ያስጣላቸው ንጉሥ ናቡከደነፆር እኔ ነበርኩ።

ስለ ጾም ብዙ አልልሽም። አላስገደድኩም፤ የትምህርት ቤት ምሳቸው የእናታቸው ጉዳይ ነው። ረቡዕና ዓርብ ማታ ከእኔ ጋር ሽሮ ይበላሉ፤ ትንሹ አንዳንዴ አይብ ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል፤ አላየሁም እላለሁ።

የልደት ዕለት ሌሊቱን ሙሉ አቆማቸዋለሁ ብለሽ አትድከሚ። እኛ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ እንወስዳቸዋለን፤ ጋቢ አንጥፈን እናስተኛቸዋለን፤ ከበሮው ሲመታ ይነቃሉ፣ ያያሉ፣ መልሰው ይተኛሉ። ላሊበላ በዚያው በዓል ካህናቱ ከላይና ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ»፣ የሁሉ ቤዛ፣ ሲሉ የሚያሳየውን ምስል ቀደም ብዬ በቴሌቪዥን አሳይቻቸው ስለ ነበር ትልቁ ቃሏን በዜማው መካከል ለይቶ ሰማት። በማግስቱ ትምህርት ቀን ከሆነ እናታቸው አስቀድማ ለትምህርት ቤቱ የሃይማኖት በዓል መሆኑን ጽፋ ታስፈቅዳለች። ጠዋት ዶሮውን ከበላን በኋላ ጓሮ ወጥተው ገና ይጫወታሉ፤ ቆልማማ ዱላ ከመናፈሻ ለቅመው፣ ኳሱን ከጨርቅ ጠቅልዬላቸው። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ የተጫወቱት ነው ይባላል ብያቸዋለሁ። አማቼ ቅልጥሙን ተመትቶ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ማለትን የተማረው በዚያ ነው።

አማርኛ አይሰሙም ላልሽው፦ የእኔዎቹም ገና ነው። ታሪኩን ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ እነሱ ያነቡልኛል፣ ስሞቹን እኔ በአማርኛ እመልስላቸዋለሁ፦ ሰብአ ሰገል፣ ቤተ ልሔም፣ እመቤታችን፣ ግርግም። እንዲያነቡልኝ መጠየቄ ትልቅ አድርጓቸዋል።

በመጨረሻ ስለ ስጦታው። ስጦታ አልነፈግኳቸውም፤ ይልቁን ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ምን እንደሆኑ በእጃቸው እንዲይዙት አደረግኩ። ወርቁ የጆሮ ጌጤ ነው፤ ለንጉሥነቱ። ከርቤውን ለሞቱ ነው ስላቸው ሴቷ «ለሕፃን ልጅ?» ብላ ተቆጣች፤ ያንን ምሽት በሙሉ ስለ ትንሣኤ ስናወራ አመሸን። ዕጣኑ ከአገር ቤት ቆላ፣ ከዛፍ ቅርፊት የሚንጠባጠብ ሙጫ መሆኑን ነግሬ ማጨሻው ላይ ስበትነው የጭስ ማስጠንቀቂያው ቤቱን በጩኸት ናጠው። ልጄ ከላይ ፎቅ እየሮጠች ወርዳ፣ ወንበር ላይ ቆማ በፎጣ ማራገብ ጀመረች። ጩኸቱ ሲቆም ከወንበሩ ወረደች፤ የምትቆጣ መስሎኝ ከሰሉን ላጠፋ ጎንበስ ስል ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከልጆቹ መካከል ተቀመጠች። «እማዬ፣ መስኮቱን እከፍተዋለሁ፤ አንቺ ትንሽ ጨምሪበት» አለችኝ።